እግሩ ደንዝዞ ሳለ ለምን ያቃጥላል?

የፊዚዮ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስኳር ሕመም የቆየባቸው ሰዎች ክሊኒክ ሲመጡ ሁለት የማይገጥሙ ነገሮችን አንድ ላይ ይናገራሉ። ከቁርጭምጭሚታቸው በታች በጥጥ ሲነኩ አይሰማቸውም፤ ጠጠር ጫማቸው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲረግጡት ይውላሉ። ማታ አልጋ ላይ ሲወጡ ግን ያው የደነዘዘ እግር እሳት እሳት ይላል፣ ይነዝራል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው አይችልም።

ንክኪና ሕመም በተለያየ መንገድ ወደ አንጎል እንደሚሄዱ ተምረናል። ስለዚህ የንክኪው መንገድ ተጎድቶ የሕመሙ ቢተርፍ ይገባኛል። ነገር ግን መርፌም ሲወጋቸው የማይሰማቸው አሉ። የሕመሙም መንገድ ከተቆረጠ ሕመሙ ከየት ይመጣል? በተቃራኒው ደግሞ የሞኖፊላመንቱን ምርመራ (እግር ላይ የሚጫን ቀጭን የናይለን ክር ነው) ሳይሳሳቱ የሚያልፉ፣ ግን በማቃጠሉ እንቅልፍ ያጡ አሉ። ምርመራው ነው የተሳሳተው ወይስ እኛ?

ነርቭ ነክ፦

መንገዱ አልተቆረጠም፤ የሞተው ጫፉ ነው። በስኳር ሕመም ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ የነርቭ ክሮች ናቸው። የነርቭ ሕዋሱ ዋና አካል ወገብ አካባቢ ነው፤ ክሩ ግን እስከ እግር ጣት አንድ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ያን ሁሉ ርዝመት መመገብ ሲያቅተው ክሩ ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይሞታል። መደንዘዙ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶችም ይጀምራቸዋል፤ ካልሲና ጓንት የሚመስለው ስርጭት ከዚህ የመጣ ነው።

ቆዳው ውስጥ ጫፍ ስለሌለ መርፌው የሚቀሰቅሰው ነገር አያገኝም። ከሞተው በላይ ያለው ቀሪ ክር ግን በሕይወት አለ፣ ጤነኛ ባይሆንም። በተጎዳው ቦታ ላይ የሶዲየም ቻነሎች (የነርቭን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያስነሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች) ይከማቹበትና ማንም ሳይነካው በራሱ ይተኩሳል። አንጎል ደግሞ ምልክቱ ከክሩ የትኛው ቦታ ላይ እንደተነሳ ማወቂያ የለውም፤ በዚያ መስመር የመጣውን ሁሉ ከአውራ ጣት እንደመጣ አድርጎ ይወስደዋል። እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች የሌለው ጣታቸው የሚያቃጥላቸው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የክሮቹን ዓይነት አስታውስ፤ ሁለተኛው ጥያቄህም በዚህ ይፈታል። ለስላሳ ንክኪንና ንዝረትን የሚወስዱት ኤ-ቤታ የሚባሉት ወፍራሞቹ ናቸው፤ ጥሩ የማይሊን ሽፋን (ምልክቱን የሚያፋጥን የስብ ልባስ) ስላላቸው በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይሮጣሉ። ስስ ማይሊን ያላቸው ኤ-ዴልታዎች ሹል ውጋትንና ቅዝቃዜን በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ያደርሳሉ። ማይሊን የሌላቸው ሲ ክሮች ሙቀትንና የሚያቃጥል፣ የሚጠዘጥዝ ሕመምን ይዘው በሰከንድ ከ0.5 እስከ 2 ሜትር ብቻ ይጓዛሉ፤ የእግረኛ ፍጥነት ማለት ነው። እንቅፋት ሲመታህ መጀመሪያ መነካትህን፣ ወዲያው ሹል ሕመም፣ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ደግሞ የሚያንገበግበውን የምታገኘው ለዚህ ነው። በአንድ ሜትር ርቀት ብታሰላው ንክኪው ወደ 0.02 ሰከንድ፣ የሚያቃጥለው ግን አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል።

ህብለ ሰረሰር ሲደርሱ ይለያያሉ። ንክኪው በገባበት ጎን፣ በጀርባ በኩል ባለው ዓምድ እስከ አንጎል ግንድ ወጥቶ እዚያ ይሻገራል። ሕመምና ሙቀት ግን በገቡበት ደረጃ ወይም አንድ ሁለት ደረጃ ከፍ ብለው ተሻግረው በሌላኛው ጎን ይወጣሉ። (ህብለ ሰረሰሩ በአንድ ጎን ብቻ የተጎዳ ሰው በዚያው በኩል ባለው እግሩ ንክኪን፣ በተቃራኒው እግሩ ደግሞ ሕመምን የሚያጣው ለዚህ ነው። ፈተና ላይ መምጣቱ አይቀርም።)

ከመሻገሩ በፊት ግን ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ይወስናል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 እ.ኤ.አ. የበር ንድፈ ሐሳባቸውን ያቀረቡት በዚህ ላይ ነው፦ ከወፍራሞቹ ክሮች የሚመጣው ንክኪ መሃል ያሉትን ገቺ ሕዋሳት ቀስቅሶ የሕመሙን ምልክት ያዳክማል። የተመታ ጉልበት ሲታሽ ቀለል የሚለው ለዚህ ነው። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢታረምም ዋናው ሐሳብ ቆሟል። አሁን ወደ ታማሚህ ተመለስ። ወፍራሞቹ ክሮች ሞተውበታል፤ ስለዚህ በሩን የሚገፋው የለም። ቀጭኖቹ ደግሞ ቀን ከሌት ይተኩሳሉ። በዚህ ውርጅብኝ የህብለ ሰረሰሩ ሕዋሳት ይለወጣሉ፤ ኤንኤምዲኤ የተባሉትን ተቀባዮች ዘግቶ የሚይዘው ማግኒዝየም ይነሳና ትንሹ ምልክት ትልቅ ሆኖ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ከመደንዘዙ ድንበር ላይ የተረፉ ጥቂት የንክኪ ክሮች ሲነኩ እንኳ ሕመም ሆኖ ይወጣል። አንሶላውን የማይችሉት በዚህ ነው።

ለዚህ ሁሉ እግሩ መጎዳት እንኳ የለበትም። ደጄሪንና ሩሲ በ1906 እ.ኤ.አ. የገለጿቸው ታማሚዎች ታላመሳቸው (አንጎል መሃል ያለው የስሜት ምልክት ማስተላለፊያ) ላይ ስትሮክ የደረሰባቸው ነበሩ፤ ነርቫቸው ደህና ነው፣ ግን ግማሽ አካላቸው ደንዝዞ ያው ግማሽ አካል ያቃጥላቸዋል። ቱንበሪ የተባለው ስዊድናዊ ደግሞ በ1896 እ.ኤ.አ. ለብ ያሉና ቀዝቀዝ ያሉ ዘንጎችን አፈራርቆ እጅ ሲያስቀምጡበት እንደሚያቃጥል አሳይቷል፤ አንዳቸውም ብቻቸውን ቢነኩ አያቃጥሉም። አንዱ ማብራሪያ የቅዝቃዜው መስመር በወትሮው የማቃጠሉን መስመር ይዞት ይኖራል፣ ሲዳከም ማቃጠሉ ይለቀቃል የሚል ነው። በእኔ ግምት ተማሪዎች ከበሩ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ከዚህ ሙከራ ብዙ ይማራሉ።

እግር ክሊኒክ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ። ምርመራው አልተሳሳተም፤ የሚመረምረው ሌላ ነገር ነው። ባለ 10 ግራሙ ሞኖፊላመንትም ባለ 128 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክም (ሲመታ የሚንዘር የብረት ሹካ) የሚፈትኑት ወፍራሞቹን ክሮች ነው። ማቃጠል የቀጭኖቹ ጣጣ ነው። ቀጭኖቹ ብቻ ተጎድተው ከሆነ ሰውየው ፊላመንቱን ያልፋል፤ የነርቭ ፍጥነት ምርመራም ቢላክ «ኖርማል» ተብሎ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ያ ማሽን የሚለካው ፈጣኖቹን ነው። ከዚያ «ምንም የለብህም» ይባልና ሰውየው መድኃኒት ሳያገኝ ይሄዳል። ቀጭኖቹን ለማየት ቅዝቃዜንና ውጋትን ፈትሽ፦ የፎርኩን ብረት እግሩ ጀርባ ላይ አሳርፈህ ግንባሩ ላይ ካለው ቅዝቃዜ ጋር እንዲያወዳድር ጠይቅ፤ ለውጋት የጥርስ እንጨት በቂ ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ፣ ከዚያ ይጣላል። የመድኃኒት መርፌ አትጠቀም፤ ቆዳ ይበሳል። ጥርጣሬ ከቀረ ደግሞ ከውጭው ቁርጭምጭሚት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 3 ሚሊ ሜትር ቆዳ ተወስዶ የነርቭ ክሮቹ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ፤ እሱ ግን በየቦታው የሚገኝ አይደለም።

ሞኖፊላመንቱንም ብዙ ሰው በስህተት ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። መጀመሪያ እጁ ወይም ክንዱ ላይ አሳየው፣ ምን እንደሚጠብቅ ይወቅ። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍን። የአውራ ጣት መዳፍ፣ ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት ሥር ያሉት የመርገጫ እብጠቶች ናቸው ቦታዎቹ። ክሩን ቀጥ አድርገህ እስኪለመጥ ተጫን፣ ነክተህ እስክታነሳ ሁለት ሰከንድ ያህል ይበቃል። አታንሸራትት። ጠንክሮ የደደረ ቆዳ ወይም ቁስል ላይ አታድርግ፤ ከጎኑ አድርግ። በየቦታው ሦስት ጊዜ ጠይቅ፣ ከሦስቱ አንዱ ላይ ሳትነካው ጠይቅ። ከሦስቱ ሁለቱን በትክክል ከመለሰ ስሜቱ አለ። በእኩል ምት ከነካህ ሰውየው ምቱን ቆጥሮ «አዎ» ይልሃል፤ ሳይሰማው ያልፋል ማለት ነው። ክሩም ይደክማል፤ አሥር ሰው ያህል ከመረመርክበት 24 ሰዓት አሳርፈው፣ ተጣሞ የቀረ ከሆነ ጣለው።

ሞኖፊላመንት የሌለበት ጤና ጣቢያ ከሆንክ የጣት ንክኪ ምርመራ አለ። የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መሃል ጣትና ትንሿን ጣት ጫፋቸውን በአመልካች ጣትህ ለአንድ ሁለት ሰከንድ በቀስታ ንካ፤ አትጫን፣ አትምታ፣ አትደባብስ። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካመለጠው እግሩ አደጋ ላይ ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ ልጨምር። ታማሚው «ማቃጠሉ ተወኝ፣ ድኛለሁ» ብሎ ሲመጣ አትደሰት፤ መጀመሪያ መርምረው። መደንዘዙ ከፍ ብሎ ማቃጠሉ የጠፋ ከሆነ የሚተኩሱት ክሮችም ሞተዋል ማለት ነው። ቁስል የሚጀምረው ያኔ ነው።

የፊዚዮ ተማሪ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በደንብ ገባኝ። አንድ የቀረኝ አለ። ለምንድን ነው ማታ የሚብሰው? አንዳንድ አስታማሚ «ሲያስበው ነው» ይላል። ታማሚዎቹም ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። ደግሞም አንጎል ውስጥ ሕመሙ የሚደርሰው የት ነው? ንክኪ በአንጎል ካርታው ላይ ቦታው ይታወቃል፤ የሕመምን ግን መጽሐፉ አራት አምስት ቦታ ይጠቅስና ያልፋል።

ነርቭ ነክ፦

መጽሐፉ የሚያልፈው አንድ የሕመም ቦታ ስለሌለ ነው። ዋይልደር ፔንፊልድ በቀዶ ጥገና ላይ ያሉ የነቁ ሰዎችን የአንጎል ቅርፊት በኤሌክትሪክ እየነካካ የሰውነትን ካርታ ሲሠራ (አንጎል ራሱ የሕመም ተቀባይ የለውም፣ ስለዚህ ሰውየው ነቅቶ ይነጋገራል) ሰዎቹ መወረር፣ መደንዘዝ ይሉ ነበር፤ አመመኝ ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። በዚህ ካርታ ላይ እግር የሚገኘው ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች በሚተያዩበት ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ እጅና ከንፈር ከጎን ሰፊ ቦታ ይዘዋል።

ሕመም ግን ተከፋፍሎ ይሠራል። የትና ምን ያህል የሚለውን ይህ ካርታና ከጎን ታጥፎ ያለው ኢንሱላ ይሠሩታል፤ ምን ያህል ያስጨንቃል የሚለው በአብዛኛው የሲንጉሌት ቅርፊት የፊተኛው ክፍል ሥራ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሬንቪልና ባልደረቦቹ በሂፕኖሲስ የሙቅ ውኃ ሕመምን አስጨናቂነት ብቻ ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ የሲንጉሌቱ እንቅስቃሴ አብሮ ተለወጠ፣ የንክኪ ካርታው ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። ይህ የሲንጉሌት ክፍል በቀዶ ጥገና የተነካባቸው ሰዎችም ሕመሙ አለ ግን አያስጨንቀኝም ይላሉ።

«ሲያስበው ነው» ለሚለው፦ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርድ መስመር አለ። መሃል አንጎል ውስጥ ካለው ግራጫ ቦታ ተነስቶ በአንጎል ግንድ በኩል ይወርድና ያንኑ በር ያጠብቃል ወይም ይከፍታል። ኢንዶርፊን፣ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚሠሩት በዚህ ላይ ነው። ትኩረት፣ ፍርሃት፣ ተስፋ በዚህ መስመር ያልፋሉ። ሌቪን፣ ጎርደንና ፊልድስ በ1978 እ.ኤ.አ. የመንጋጋ ጥርስ ለተነቀለላቸው ሰዎች ባዶ መድኃኒት ሰጥተው ሕመማቸው የቀነሰላቸውን ናሎክሶን ሲወጉ ሕመሙ ተመለሰ። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያከሽፍ መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ ባዶው መድኃኒት ያስገኘው እፎይታ እውነተኛ ኬሚካል ነበረው። ማታ የሚብሰውም በዚሁ ነው። ቀን ሲራመድ ከተረፉት ወፍራም ክሮች የሚመጣ ንክኪ አለ፣ ሐሳቡም ሌላ ቦታ ነው። ማታ ሁለቱም ይቆማሉ፤ አልጋው ይሞቃል፣ አንሶላው ይነካል። በእግሩ የተነሳው ምልክት ያው ሆኖ የሚያስቆመው ብቻ ነው የጎደለው። ለአስታማሚው በዚህ መንገድ ቢነገረው ይሻላል።

ፋርማሲስት፦

መድኃኒቶቹ ከላይ የተባለውን ነው የሚከተሉት፣ ስለዚህ ላያይዘው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚሠሩት ቁጣ ያለበት ቦታ የሚመረቱ፣ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ሕመም ቀስቃሽ ኬሚካሎችን በመከልከል ነው። ራሱን ችሎ የሚተኩስ ነርቭ ላይ አይሠሩም፤ የስኳር ታማሚን ኩላሊት ግን ይጎዳሉ። ሆኖም በብዛት የሚገዛው እሱ ነው።

አሚትሪፕቲሊን ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ይጀመራል፣ በየሳምንት ሁለት ሳምንቱ ቀስ ብሎ ይጨመራል፤ የሚወርደውን መስመር ያጠናክራል። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ሲነሱ ያዞራል። ፕሮስቴት ላለበት፣ ግላኮማ ላለበት፣ የልብ ምት ችግር ላለበት አይሆንም። ዱሎክሰቲን በዚያው መስመር ይሠራል፤ በ30 ጀምሮ ወደ 60 ሚሊ ግራም። ጋባፔንቲን ከካልሲየም ቻነል ክፍል ጋር ተጣብቆ ህብለ ሰረሰሩ ላይ የሚለቀቀውን ምልክት ይቀንሳል። ብዙ ሰው ማታ 300 ሚሊ ግራም ወስዶ «አልሠራም» ይላል፤ መነሻው ነው እንጂ መድረሻው አይደለም፣ በሙከራዎች የሠራው በቀን ከ1800 እስከ 3600 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ ሲሰጥ ነው። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ሳይታይ አይጨመርም። ሐኪም ሳያይ ማንም ከዚህ ጽሑፍ መጠን ወስዶ እንዳይጀምር።

የሚጠበቀውንም አስቀድሞ መናገር ነው። ሕመሙ በ30 በመቶ ከቀነሰ መድኃኒቱ ሠርቷል ይባላል፤ ለመፍረድም በቂ መጠን ላይ ከደረሰ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። «ይጠፋል» የተባለ ታማሚ በሳምንቱ ይተወዋል።

ካፕሳይሲን የቃሪያና የሚጥሚጣ ማቃጠያ ነው፤ ሲ ክሮች ላይ ያለውን፣ በ43 ዲግሪ አካባቢ የሚነሳውን የሙቀት ተቀባይ ይከፍታል፣ ሲደጋገም ጫፉን ያዝለዋል። በክሬም 0.075 በመቶ ሆኖ በቀን እስከ አራት ጊዜ ይቀባል። ይህን አይቶ ሚጥሚጣ በቅባት ለውሶ ደንዛዛ እግር ላይ የሚያደርግ እንዳይኖር፤ መጠኑ አይታወቅም፣ ቆዳው ሲቃጠልም አይሰማም።

መንስኤውንም ሁሉ በስኳር አታሳብቡ። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያጥረው ይችላል፤ የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ ቢ6 ስለሚያሟጥጥ አብሮ ፓይሪዶክሲን (ቢ6 ራሱ) ይሰጣል። በሌላ በኩል ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ የስሜት ነርቭን ይጎዳል፤ የነርቭ ቫይታሚን እየተባለ በየወሩ የሚገዛውን እዩት። ሌላው የሚያስገርመው፣ ኤችቢኤዋንሲ (የወራት አማካይ ስኳርን የሚያሳየው የደም ምርመራ) በ3 ወር ውስጥ ከ2 ነጥብ በላይ በፍጥነት ሲወርድ ኃይለኛ ማቃጠል ሊጀምር መቻሉ ነው። ታማሚው ኢንሱሊኑን ይወቅሳል፤ አቁም ማለት አይደለም፣ በወራት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይረግባል።

ቆዳና ነርቭ፦

ለንጽጽር ያህል ስለ ሥጋ ደዌ ሁለት መስመር፤ በአገራችን አሁንም አለና። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ስለዚህ እንደ ስኳር ከጣት ተነስቶ እኩል አይወጣም። ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ክርን ላይ ያለው ነርቭ፣ ከጉልበት ውጭ በኩል ያለው ነርቭ ይመርጣል። ፈዘዝ ያለና ስሜት የጠፋበት ቆዳ፣ ወይም በጣት ሲዳሰስ የወፈረ ነርቭ ካገኛችሁ በመጀመሪያ ይህን አስቡ። ማቃጠል ሳይኖር ድንዛዜ ብቻ ስለሚሆን ሰው ይዘገያል። ታማሚው ላይ በድንገት የነርቭ ሕመም ወይም የእጅ መዛል ከመጣ ግን ሪአክሽን (ሰውነት ለባክቴሪያው የሚያስነሳው ድንገተኛ ቁጣ) ነው፤ ከ6 ወር ያልበለጠ ጉዳት በፕሬድኒሶሎን ሊመለስ ስለሚችል ሳይዘገይ ይላክ። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው ለዚሁ ሥራ ነው።

እግር ክሊኒክ፦

ለስኳሩም ለሥጋ ደዌውም የእግር ጥበቃው አንድ ነው። አንጎል ማስጠንቀቂያው ስለማይደርሰው ዓይን ይተካዋል፤ ማታ ማታ መዳፉን በመስታወት ወይም በቤተሰብ ማየት። የመታጠቢያ ውኃ በክርን ይለካ፣ ከ37 ዲግሪ አይበልጥ፤ እግርን ፍል ውኃ ውስጥ መንከር የለም፣ ከሰል ምድጃ ዳር ማሞቅም የለም። ጫማ ከመልበስ በፊት እጅ ከትቶ ጠጠር መፈለግ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ጸበል ቦታ ጫማ የሚያወልቁ ሰዎች «በባዶ እግር አትሂዱ» ሲባሉ ይሰማሉ፣ ግን አይፈጽሙትም፤ ስለዚህ ንጣፍ ላይ መቆምን፣ ፀሐይ የመታውን ድንጋይ መሸሽን፣ ጫማ መልሶ ከማጥለቅ በፊት እግርን ማየትን አስተምሯቸው። ይህን ይቀበላሉ።